ወዴት እንጠጋ?

ዛሬስ በቃኝ! ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህች መንገድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፌ 2 ሰዓት ሆነ። ሥራ ስደርስ የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆረጠብኝ።

ሚኒባስ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል። ጉልበት ያለው ይገባል። ነፍሰ ጡሯ፣ ሽማግሌው፣ ልጅ ያዘለችው ደጅ ይቀራሉ። የወሎ ሰው እንዲህ ነበር እንዴ? ሰልፍ አስከባሪውስ የት ሄደ?

ከተገባ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት። መሃል መተላለፊያው ላይ በርጩማ። ረዳቱ አሁንም "ጠጋ በሉ!" ይላል። ወዴት እንጠጋ? መስኮቱን ሰብረን እንውጣ?

ዛሬ አንዲት እናት በርጩማዋ ላይ ነበሩ። በየጥምዝምዙ ይንሸራተታሉ። "ልጄ፣ ያዢኝ" አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እስክንወርድ አልለቀቅኳቸውም። ደሴ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ2,000 በታች። ይሄ ሁሉ ቁልቁለት ነው! ፍሬን እምቢ ቢልስ? ያን ሁሉ ትርፍ ሰው ማን ሊመልሰው ነው?

ኮምቦልቻ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶላታል። ደሴን ግን አይነካም። ያለን ሚኒባስ ብቻ ነው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ሁለት ትልልቅ አውቶቡስ መመደብ ይህን ያህል ከባድ ነው?

ነገም 12 ሰዓት እዚያው ቆሜያለሁ።