ማካፈል ያቃተው ቅጽ

በቃ! በሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ላይ «ከወሊድ በኋላ አፈጻጸሟ ቀንሷል» የምትል አስተያየት ማንበብ ሰለቸን። ማን ቀነሰው? ካልኩሌተሩ!

እስቲ ሂሳቡን እንየው። የአንዲት ሠራተኛ ዕቅድ በዓመት 52 ሪፖርት ነው፤ በሳምንት አንድ። የወሊድ ፈቃዷ 14 ሳምንት። (የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ስምምነት ዝቅተኛው ይኸው ነው፤ ማንም በልግስና አልቸራትም።) በቀሩት 38 ሳምንታት 38 ሪፖርት አስረከበች። አንድም አላጎደለች። ቅጹ ግን 38ን ለ52 ያካፍልና 73 በመቶ! «መካከለኛ»። ለ38 ማካፈል ይህን ያህል ረቂቅ ጥበብ ነው?

እዚያው ቢቆም ደግ ነበር። የደረጃ ዕድገት በሁለት ተከታታይ ዓመት አማካይ ውጤት የሚታይ ከሆነ ግን ጉዳቱ ይቀጥላል። የማስተርስ ዕድሉም እንደዚያው። እናም ያ ዝቅተኛ ውጤት ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠር፣ አንድ ልጅ ወልዳ ሁለት ዙር ዕድል ያመልጣታል። ሁለተኛ ከወለደችማ «ዕድሜሽ ከ35 አልፏል» የሚለው ይጠብቃታል።

አባትየውስ? እሱማ «ኃላፊነት የሚሰማው» ተብሎ ይሞገሳል። ቅጹ መውለዱንም አልሰማ!

ከዚያ ስብሰባ ተጠርቶ «ሴት አመራሮች ለምን ጠፉ?» ይባላል። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እሷው ናት።