ልጄ ጠይቆ ነበር እኮ!

አሁን ከልደቱ መግባታችን ነው። ልጄ ደህና ነው፣ እንዳትደነግጡ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የልጄን ነገር ታውቃላችሁ፤ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት። ለጋባዦቹ አስቀድሜ ነግሬያለሁ። የሚበላውን ይዤለት ሄጃለሁ። እሱ ራሱ ከስንት ትልቅ ሰው በላይ ይጠነቀቃል። የማያውቀውን ነገር ሲሰጡት ሳይጠይቅ አይቀምስም። ዛሬም “ኦቾሎኒ አለው?” ብሎ ጠየቀ። የባለ ልደቱ አያት “የለውም የኔ ጌታ፣ ብላ” አሉት።

አለው! በኬኩ መሀል የተቀባው የኦቾሎኒ ቅቤ ነው! አጠገቡ ስደርስ ሽታው ነገረኝ። ሊጎርስ ሲል ከእጁ ነጠቅኩት።

“እማማ፣ ይሄ እኮ ኦቾሎኒ ነው።”

“አውቃለሁ ልጄ። ትንሽ ናት። እንዲለምደው ብዬ ነው።”

“ጠይቆዎት ነበር እኮ። የለውም አሉት።”

“ታዲያ አለው ብለው እሺ ብሎ ይበላል?”

እስኪ ይህችን መልስ ደግማችሁ አንብቧት። ሳያውቁ ቢሳሳቱ አንድ ነገር ነው። አውቀው፣ አስበውበት፣ ልጁን ዓይን ዓይኑን እያዩ ዋሹት። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “አንቺ ነሽ በፍርሃት ያሳመምሽው። እኛ ስንቱን ስናሳድግ አለርጂ የሚባል ነገር መች ሰማን!” አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ልጄን የሚያውቁት እናቶች ሳይቀሩ ሳቁ።

አልሰሙ ይሆናል። ግን የዛሬ ልጆች ያመጡት በሽታ አይደለም። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሻርል ሪሼ እና ባልደረባው ፖል ፖርቲዬ ለዚህ ድንገት ለሚገድል የሰውነት ቁጣ “አናፊላክሲስ” የሚል ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሪሼ በዚሁ ሥራው በ1913 ኖቤል ተሸልሟል። ከዚያ በፊትም ሰው በዚህ ይሞት ነበር፤ ምን እንደገደለው የሚያውቅ ነው ያልነበረው።

ደግሞ “እንዲለምደው!” ማላመድ እኮ ሕክምና ነው። ሐኪም ባለበት፣ በሚሊግራም እየተለካ፣ ወራት ፈጅቶ፣ ሕይወት የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ነው። “ኦቾሎኒ በልጅነት ይጀመር ተብሏል እኮ” የምትሉኝም አላችሁ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት ተጋላጭ የሆኑ ጨቅላዎች ቀደም ብለው ቢጀምሩት አለርጂው እንዳይመጣ በጣም እንደሚከላከል አሳይቷል። እንዳይመጣ! አለርጂው ያለበትን ልጅ በልደት ኬክ አድኑት ያለ ሐኪም የለም።

አንዷ እናት ደግሞ ልታረጋጋኝ መሰላት፤ “ቢብሰው የአለርጂ ሽሮፕ አለሽ አይደል?” አለችኝ። ሽሮፑ ማሳከክና ሽፍታ ያስታግስ ይሆናል። የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፤ የወደቀ የደም ግፊት አያነሳም። መተንፈስ ሲያቅተው የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ ጭኑ ላይ፣ በውጭ በኩል ይወጋል። ከዚያ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ተሻለው ብሎ ቤት መቀመጥ የለም፤ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላል። ይህንን ስንቴ እንዳስረዳሁ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አሁንም ሽሮፕ!

ነገር ነገርን ያመጣል። ባለፈው የክፍሉ መምህርት “ልጆቹ ኦቾሎኒ ከበሉ በኋላ እጃቸውን በሳኒታይዘር አጽድተዋል” ብላ አጽናናችኝ። ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒን ፕሮቲን አያነሳም። ሳሙናና ውሃ ነው የሚያነሳው። ምግብ ቤት ያለው አስተናጋጅ ደግሞ “ኦቾሎኒውን ከላዩ ጠርገንለታል” ብሎ ያንኑ ሳህን መልሶ አመጣልኝ። የጓደኛዬ ልጅ የወተት አለርጂ አለባት፤ ዘመዶቿ “ላክቶስ የሌለው ገዝተንላታል” ብለው ይኮራሉ። ላክቶስ ስኳር ነው። የልጅቷ ሰውነት የሚቆጣው ግን በወተቱ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው ካርቶን ውስጥ አለ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ይወዷታል። ግን ፍቅራቸው ከእናቷ አፍ የሚወጣውን እንዲሰሙ አላደረጋቸውም።

“ባለፈው ነክቶት ምንም አልሆነም” የምትሉትም ተዉኝ። ያለፈው ጊዜ ቀለል ማለቱ ለሚቀጥለው ዋስትና አይደለም። ዛሬ ከንፈር ያሳበጠ ነገ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። እኔ ልጄን ፈተና ላይ አላስቀምጥም።

ወደ ልደቱ ልመለስ። ስንወጣ በር ላይ “ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይቅርታ ጠይቂያቸው” አሉኝ። እኔ! አልጠየቅኩም። ትልቅ ሰው አከብራለሁ፤ ድምፄንም ከፍ አላደረግኩባቸውም። ግን ልጄ እጄን ይዞ ቆሞ እያየኝ፣ ላልሠራሁት ጥፋት ይቅርታ አልልም።

መንገድ ላይ “እማዬ፣ ትልቅ ሰው ቢዋሸኝስ?” አለኝ። ምን ልበለው? መጠየቅን አስተማርኩት። እሽግ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል ሲቆጥር ጀምሮ አብረን ነው የምናነበው። መርፌው የት ኪስ እንዳለ ያውቃል። ከዚህ በላይ አንድ ሕፃን ምን ያድርግ? “ከእንግዲህ እኔ ካላየሁት አትብላ” አልኩት። እሺ አለ። ግን የትም ቦታ አብሬው ልሆን አልችልም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ስልኬ እስካሁን እየጮኸ ነው። “አኩርፈሻል እንዴ?” “እሳቸው እኮ በደግነት ነው።” “ነገሩን አታካብጂ።” እስካሁን ልጁ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። አንድ ሰው እንኳ!

ቅዳሜ ሌላ ልደት አለ። “ልጁን ብቻ ላኪው፣ አንቺ አትድከሚ” ብለውኛል። እሄዳለሁ። ምግቡን ይዤ፣ ሁለቱንም መርፌ ይዤ፣ ገና በር ላይ ኬኩ ውስጥ ምን እንዳለ እየጠየቅኩ እገባለሁ። የሚያኮርፍ ያኩርፍ።