ትራሱን የሰፋችው ሴት

የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ በዓይናችን የሚመጣው አንድ ወንድ ነው። ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። አዶኒራም ጀድሰንንም የምናውቀው እንዲሁ ነው። «መጽሐፍ ቅዱስን ወደ በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ቋንቋ የተረጎመ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ» ይባልና ይታለፋል። ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ጉድለቱም ከልብ ያሳዝነኛል። ያ መጽሐፍ የቤተሰብ ሥራ ነበር፤ ዋጋውንም የከፈለው ቤተሰቡ ነው።

አዶኒራምና አን በተጋቡ በሁለት ሳምንታቸው ከአሜሪካ በመርከብ ተነሡ። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1812 ነበር። በዓመቱ ራንጉን ገቡ፣ የዛሬዋ ያንጎን። የመጀመሪያውን አማኝ ማውንግ ናውን ያጠመቁት በ1819 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠበቁ ማለት ነው።

ቋንቋው ከባድ ነበር። እኛ ቃልን ከቃል የምንለይበት ሁለት ነጥብ ነበረን፤ የበርማ ጽሑፍ ግን ያለ ክፍተት ተያይዞ ይሄዳል። አስተማሪያቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ዕቃ እያሳዩት ስሙን ይነግራቸዋል። አዶኒራም መጽሐፉ ላይ ሲውል፣ ቤቱን የምታስተዳድረውና ከሠራተኞቹ ጋር ስታወራ የምትውለው አን ነበረች። ስለዚህ በንግግር ቀደመችው። ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር ነው። በርማዎች እግዚአብሔርን የሚጠሩበትን «ፓያ ታኪን» የሚለውን ስም ውሰዱት። «ፓያ» ለቡድሃም ለቤተ መቅደሱም የሚነገር ቃል ነው፤ «ታኪን» ደግሞ ጌታ ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ቃል ክብደቱ የሚታወቀው ሰው ቤቱ ውስጥ፣ ደጃፉ ላይ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲናገረው በመስማት ነው። አን ያንን ጆሮ ነበራት። ትንቢተ ዳንኤልንና ዮናስን ወደ በርማ ቋንቋ ተርጉማለች። ራንጉን ከነበሩ የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ሰዎች ቋንቋቸውን ተምራም የማቴዎስን ወንጌል ወደ ታይ ቋንቋ መልሳለች።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1824 እንግሊዝና በርማ ተዋጉ። አሜሪካዊው አዶኒራምም እንደ ሰላይ ተቆጥሮ በንጉሡ ከተማ በአቫ ታሰረ። እግሩ በሰንሰለት ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የእስረኞቹ እግር በቀርከሃ ወደ ላይ ይሰቀላል። አን ነፍሰ ጡር ነበረች። በየባለሥልጣኑ ደጅ ትጠናለች፣ ለጠባቂዎች እጅ መንሻ ትሰጣለች፣ ምግብ ታደርሳለች። የአዲስ ኪዳኑን የትርጉም ረቂቅ መጀመሪያ መሬት ውስጥ ቀበረችው። ዝናቡ ሲመጣ እንዳይበሰብስ ፈርታ አወጣችውና ትራስ ውስጥ ሰፋችው። ትራሱን ሆን ብላ ሸካራና ጠንካራ አደረገችው፤ ማንም እንዳይመኘው። ባሏ እስር ቤት ውስጥ ራሱን ያሳረፈው የገዛ ሥራው ላይ ነበር።

እስረኞቹ በድንገት ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰዱ ትራሱ ተጣለ። ማውንግ ኢንግ የሚባል በርማዊ አማኝ ለማስታወሻ ብሎ አነሣው። ውስጡ ምን እንዳለ አላወቀም። ከወራት በኋላ ትራሱ ሲፈታ ረቂቁ ምንም ሳይሆን ተገኘ።

አንስ? ሕፃን ልጇን ማሪያን ታቅፋ ባሏን ተከትላ ሄዳ እዚያ በጠና ታመመች። ጡቷም ደረቀ። አዶኒራም ጠባቂዎቹ ከፈቀዱለት በኋላ በሰንሰለት እንደታሰረ ሕፃኗን ይዞ በመንደሩ ዞረ። የሚያጠቡ እናቶችን «እባካችሁ አጥቡልኝ» ብሎ ለመነ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እነዚያ እናቶች ትዝ ይሉኛል። ሃይማኖቷ ሌላ፣ ቋንቋዋ ሌላ የሆነች የእስረኛ ልጅ ተቀብለው አጠቡ።

አን በ1826 ሞተች። ባሏ አጠገቧ አልነበረም። ከእሷ በፊት ወንድ ልጃቸው ሮጀር ገና በጨቅላነቱ ሞቶ ነበር፤ ሕፃኗ ማሪያም እናቷ ከሞተች ከስድስት ወር በኋላ ተከተለቻት። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ተተርጉሞ ያለቀው በ1834 ሲሆን ታርሞ የታተመው በ1840 ነው። ዛሬም ብዙ የምያንማር ክርስቲያኖች የሚያነቡት እሱን ነው። ሁለተኛዋ ሚስቱ ሣራም ራሷ ተርጓሚ ነበረች። ስምንት ልጆች ወልዳለታለች። በ1845 ሦስቱን ትንንሾች በርማ ትታ ለሕክምና ስትሄድ መንገድ ላይ አረፈች።

«እነሱ ለስም አልሠሩም» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ አልሠሩም። ስም መዝለል ግን መዘዝ አለው። ሥራውን የአንድ ሰው አድርገን ስናወራ፣ ዛሬ ወደ ሌላ አገር የሚላከውን ቤተሰብም በዚያው ዓይን እናየዋለን። ባል ቋንቋ እንዲማር ጊዜና ገንዘብ ይመደባል። ሚስት ግን «አብራ ትሄዳለች» ትባላለች። የልጆቹ ትምህርትና ሕክምና መጨረሻ ላይ የሚነሣ ጉዳይ ይሆናል። የአገሩ ተወላጅ የሆነው ተባባሪ ተርጓሚም «ረዳት» ተብሎ ይቀራል። በእኛም ዘንድ ብዙ የራቀ ታሪክ አይደለም። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ ሁሉም ኦነሲሞስ ነሲብን ይጠራል። አብራው የደከመችውን አስቴር ጋኖን ስንቱ ያነሣታል?

ስለ ልጆቹ ግን ቀላል መልስ የለኝም። አንና አዶኒራም ወደው ሄዱ። ሮጀርና ማሪያ ግን አልመረጡም። የእምነት ታሪክ ስንናገር ይህን ቶሎ ብለን በ«ክብር» ቃላት ባንሸፍነው ደስ ይለኛል። ቤተሰብ የሚልክ ሁሉ ከመላኩ በፊት ከወላጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቹ በግልጽ ያውራ። ሚስትም እንደ ባሏ የቋንቋ ትምህርት ጊዜ ይሰጣት። የአዲስ ትርጉም ምረቃ ሲኖርም ለተርጓሚው ሚስት አበባ ሰጥቶ ማስቀመጥ ይቅር። ድምፅ ማጉያውን ስጧት፤ የትኛው ቃል እንዳስቸገራቸው፣ ማንን ጠይቃ እንዳገኘችው እሷ ትንገረን።