እርማት፦ «ማስረጃውን ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ» ለሚሉ ነጋዴዎች

ወንድሜ፣ ስለ ግብር ክርክር በጻፍከው አስተያየት «የታክስ ይግባኝ ኮሚሽኑ ቢወስንብኝም ችግር የለውም፣ ደረሰኞቼን ይዤ ፍርድ ቤት ላይ እንደ አዲስ እከራከራለሁ» ብለሃል። ይህን ደሴ ፒያሳም ኮምቦልቻም ከብዙ ነጋዴ እሰማለሁ። ስህተት ነው፣ ሰውንም ይጎዳል።

በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት፣ ከታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ይግባኝ በሕግ ጥያቄ ላይ ብቻ የተወሰነ ነው። ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑ ሕጉን በትክክል መተርጎሙን ይመረምራል እንጂ የሽያጭ መዝገብህን ከሥር አይቆጥርም። የግብር ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክምም ያንተ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ፣ የባንክ ሰነድ፣ የዕቃ ቆጠራ ሁሉ መጀመሪያ ለግብር ባለሥልጣኑ ቅሬታ ስታቀርብና ቀጥሎ ኮሚሽኑ ፊት ስትቆም መቅረብ አለበት።

ጊዜውም አይጠብቅም። የግብር ስሌት ማስታወቂያው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታህን በጽሑፍ ታቀርባለህ፤ ያልተከራከርክበትን ግብር ደግሞ ከፍለህ። በቅሬታው ውሳኔ ካልተስማማህ ወደ ኮሚሽኑ 30 ቀን አለህ፣ የተከራከርክበትን ግብር 50 በመቶ ከፍለህ። ለከፍተኛው ፍርድ ቤትም 30 ቀን ነው፣ ክፍያው ግን 75 በመቶ ይደርሳል። ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው ይህ ከባድ ገንዘብ ነው!

ይህ የፌዴራል ግብር ከፋዮችን ይመለከታል። ፋይልህ በክልሉ ገቢዎች ሥር ከሆነ የአማራ ክልልን አዋጅ ተመልከት። እባክህ የመጀመሪያውን አስተያየትህን አስተካክለው፣ ሰው አምኖት ቀኑ ያልፍበታል።