ቴርሞስታት ማውጣት ሞተር አያቀዘቅዝም

ወንድሜ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ለሚያድሱ ሰዎች «አዳማ ሙቀት ነው፤ ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) አውጥታችሁ ጣሉት» ያልከው በየጋራዡ ቢባልም ስህተት ነው፤ ሞተር ያስበላል።

እንደ 1ኤችዜድ (1HZ) ባሉ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው ጊዜ የታችኛው ሳህኑ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር የሚመለስበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ካወጣኸው ቀዳዳው ሁልጊዜ ክፍት ስለሚቀር ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ስለዚህ የአሰላን ዳገት ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ይነሳል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ሲሊንደሩና የፒስተን ቀለበቶቹ ቶሎ ይበላሉ።

ከመጣልህ በፊት ፈትነው። ድስት ውስጥ ውሃ አድርግና የድስቱን ወለል እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥለው፤ ቴርሞሜትር ጨምረህ አሙቅ። ውሃው በቴርሞስታቱ ላይ የተቀረጸው ዲግሪ፣ ለምሳሌ 82፣ ላይ ሲደርስ ቴርሞስታቱ መከፈት መጀመር አለበት። አዳማ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሙሉ በሙሉ ባይከፈት አትደንግጥ፤ በፈላ ውሃ ጭራሽ ካልተነቃነቀ ግን ቀይረው። ስትገጥመው ትንሿ የአየር ማስወጫ ወደ ላይ ትሁን፤ ካልሆነ አየር ይታፈናል።

ሞተሩ አሁንም ከሞቀ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ በዝገት የተደፈነ ራዲያተር፣ ግፊት የማይይዝ ክዳን፣ የላላ ቺንግያ፣ ወይም በእድሳት ጊዜ ተፈትቶ ያልተመለሰ የፋን መከለያ። መከለያው ከሌለ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ ውስጥ ሳይሆን ከጎን ይስባል።