ዝይ ፎቶ ማንሳት ወንጀል ነው እንዴ?

ጎንደር ውስጥ ካሜራ ይዘህ ከወጣህ ወይ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነህ፣ ወይ ሰላይ። ሌላ ነገር መሆን አይፈቀድም።

አንገረብ ግድብ ዳር ጭቃ ላይ በሆዴ ተኝቼ የግብጽ ዝይ ስጠብቅ አላፊ አግዳሚው ይቆማል። «ምን ጠፋብህ?» «ወፍ እያነሳሁ ነው» ስል ይስቃል። «የፋሲል ግንብን ትተህ?» አይ ወንድሜ! ግንቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው፤ የትም አይሄድም። ዝይዋ ግን ኮሽታ ከሰማች ብድግ ነው።

ከዚያ ልጆቹ በወንጭፍ ይመጣሉ። ብርሃኑ ልክ ሲሆን፣ ወፎቹ ሲጠጉ፣ ጧ! አለቀ። ብትቆጣ «ውሃው የአባትህ ነው?» ትባላለህ። የቆሻሻውንማ ተዉት፤ ጥሩ የወጣው ፎቶ ሁሉ ላይ ባዶ ሃይላንድ ተንሳፎ አለ።

እኔን ግን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የለም። እሱን ሊያይ ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ ሲመጣ መንገድ ይለቀቅለታል። እኔ የአገሩ ልጅ ስመጣ «ፈቃድ የታለ?» ይለኛል አንዱ ጥበቃ። ለዝይ!

ለማንኛውም ቅዳሜ ጎርጎራ እወርዳለሁ። የጣና ፔሊካኖችም ደብዳቤ አምጣ ካላሉኝ።