ማን ጠየቀህ?

ባልደረባችን ሊኑክስ የሚባለውን ስርዓተ ክወና ኮምፒውተሩ ላይ ከጫነ ወዲህ ቢሮው ሰላም የለውም። የሁለት ገጽ ደብዳቤ አትምልኝ ስትሉት፣ መጀመሪያ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ «ኒዮፌች» ብሎ የኮምፒውተሩን መረጃ የሚዘረዝረውን ፕሮግራም ይጠራል። በግራ በኩል በፊደልና በነጥብ የተሣለ የኡቡንቱ፣ ማለትም የጫነው የሊኑክስ ዓይነት፣ አርማ ብቅ ይላል፤ በቀኝ ደግሞ የከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ፣ ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው ይደረደራሉ። ከዚያ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ያያችኋል። ምን እንድትሉለት ነው? እልል?

እኔ የማውቀው ፉከራ ቢያንስ ጠላት ነበረው። «ዘራፍ!» ያለ ሰው የዋለበትን ቆጥሮ፣ የፈረሱን ስም ጠርቶ ይቀመጣል። የእኛው ጀግና በ16 ጊጋባይት ሜሞሪ የዋለው ግን የፈቃድ መጠየቂያ ሲጽፍ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትለውን ተረት እወዳታለሁ። የተረቱ ባለ ላም እንኳ የቀንዷን ርዝመት በየጠዋቱ እየዘረዘረ ጎረቤት አላስቸገረም።

ለነገሩ የኒዮፌች መመሪያም ቢሆን ዋና ዓላማው በስክሪን ፎቶ ላይ መታየት መሆኑን ሳያፍር ይናገራል። ወደ 150 የሚጠጉ ስርዓተ ክወናዎችን ያውቃል አሉ። ይወቅ! ያኔ በእጄ ቢሆን ኖሮ አንድ ነጋዴ «አይ ሰባት» የሚል የፕሮሰሰር ተለጣፊ ለጥፎ የሸጠልኝን ላፕቶፕ ጉድ ያወጣው ነበር። ውስጡ ሌላ ነበር። ነጋዴውን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ተለጣፊው ግን እስካሁን ንቅንቅ አላለም፣ ከዕቃው ሁሉ ጥራት የነበረው እሱ ነው።

ኒዮፌችን የጻፈው ዲላን አራፕስ ግን የልብ አድርሷል። በ2024 እ.ኤ.አ. የፕሮግራሙን የኮድ ማኅደር ዘጋ፤ ግብርና መግባቱንም በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አሳወቀ። እዚህ አባት በሬ ሸጦ ለልጁ ኮምፒውተር ይገዛል፤ ኮምፒውተሩን የጠገበው ደግሞ እርሻ ይገባል። ልጁም ባባቱ በሬ ዋጋ የገበሬውን ፕሮግራም ከፍቶ ይፎክራል።

ይህን ለባልደረባችን ባወራሁለት ጊዜ ደንገጥ እንኳ አላለም። «አሁን እኮ ፋስትፌች አለ፤ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ይፈጥናል» አለኝ። ማን አስቸኮለው? ደብዳቤው እንደሆነ አልታተመም። ብቻ ይኼኛው የባትሪውንም መጠን ያሳያል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን እኔም ያቺን አንዲት መስመር አንገቴን አስግጌ አነባታለሁ።